ምዕራፍ ስድስት፦ ተመልሶ የሚመጣ ገዢ

ወር በገባ በ19 ጠዋት ጎፋ ገብርኤል ደጃፍ የደረሰ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እያየ ነው የሚራመደው። የኔቢጤው በቅጥሩ ሥር ግራና ቀኝ ተደርድሯል። አንዱ ነጠላውን ዘርግቷል፣ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፣ ልጅ ዓይነ ስውር አባቱን በበትር ይመራል። ከታክሲ የሚወርደው ምእመን ብር ዘርዝሮ ነው የሚመጣው። ዳቦ ቆርሶ የሚያድል አለ፣ ስለቱ ደርሶለት የሚሰጥ አለ፣ ለሞተበት ሰው ነፍስ ይማር እያሰኘ የሚሰጥም አለ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰልፉ ይረዝማል፣ እጅም ይፈታል።

ይህን ልማድ ላንኳስስ አልተነሣሁም። በዚህ ከተማ ስንቱ ሰው በዚያች ቁራሽ ዳቦ አድሯል። እኔን የሚያስጨንቀኝ 20ኛው ቀን ነው። በ20 ጠዋት ያው ሰው ያንኑ ሆድ ይዞ ይነሣል፣ የቤት ኪራዩም ይቆጥርበታል፣ የልጁም ደብተር ያልቅበታል፤ በዓሉ ግን የሚመለሰው በወሩ ነው። ሰጪው የሚሰጠው ለእሱ በተመቸው ቀን ነው፣ ተቀባዩ የሚቸገረው ግን በየቀኑ ነው። ድህነትን ለማቃለል የሚታሰብ ማንኛውም ሥራ በ20 ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ሊጠየቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ምዕራፍ ውስጥም ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማንና ጎረቤቶቹን እየዞርን ይህንኑ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር አስቀድሞ መጥራት አለበት። ድሃ ሥራ የፈታ ሰው ነው የሚለው ሐሳብ በብዙ የእርዳታ ዕቅድ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ከጀሞ እስከ ሳሪስ በየመንገዱ ጠርዝ ጉልት የዘረጋችውን ሴት ማየት ለዚህ በቂ ምላሽ ነው። ገና ሳይነጋ ኃይሌ ጋርመንት ወዳለው አትክልት ተራ ትወርዳለች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ተሸክማ ትመለሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ማታ የተረፈውን በርካሽ ትሸጣለች። ከመንግሥት ሠራተኛው ይልቅ ብዙ ሰዓት ትሠራለች። ያጣችው ሌላ ነገር ነው። ዕቃዋ የሚበላሽ ነው፣ አጠገቧ ያሉት ሃያ ሴቶች የሚሸጡት ያንኑ ቲማቲም ነው፣ ገዢው ደግሞ ማለፊያ መንገደኛ ነው። ነገ ስለመምጣቱ ዋስትና የላትም። ለእንዲህ ያለች ሴት ሥልጠና ልስጥሽ ብሎ የሚመጣ ሰው ከእሷ የበለጠ ስለ ቲማቲም ላያውቅ ይችላል።

ነገሩን በአንድ ጋቢ እንከተለው። ጋቢ የመረጥኩት ድህነት የቱ ጋ እንደሚቋጠር ከጋቢ የተሻለ የሚያሳይ ዕቃ ስላላገኘሁ ነው።

ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ላይ ይወጣል። ፈትል በአገራችን የሴት ሥራ ነው። ቤት እየጠበቀች፣ ወጥ እየጠበቀች፣ ከጎረቤት ቡና እየጠጣች የምትሠራው በመሆኑ ማንም ሰዓቱን አይቆጥረውም። ላንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ግን በእንዲህ ባለ ትርፍ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ሸማኔው ይረከባል። ድሩን ይዘረጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ በመወርወሪያው ማጉን ያመላልሳል። ዛሬ ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል ነው፤ ርካሹ ደግሞ ሁለቱም ከፋብሪካ ነው። ከሸማኔው ነጋዴው ይወስዳል፣ ከነጋዴው ሱቁ፣ ከሱቁ እኛ።

በዚህ መስመር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች በገቢያቸው ብንደረድራቸው ፈታይዋ ከሁሉ በታች ናት። የሠራችው ብዙ ነው፣ የተሠራው ግን በየቤቱ ተበታትኖ ነው። ሌላዋ ፈታይ በስንት እንደሸጠች አታውቅም። ቀጥሎ ሸማኔው ነው። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሚሠሩትና አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ ከመጡት ሸማኔዎች ብዙው ክሩን በዱቤ ከነጋዴ ይወስዳል፤ የሠራውንም ለዚያው ነጋዴ ያስረክባል። ዋጋውን የሚቆርጠው አበዳሪው ነው። ሸማኔው ከዚህ ኑሮ የሚያመልጥበት አንዱ መንገድ ርካሽ ጉልበት መፈለግ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሕፃናት እናስተምራችኋለን ተብለው ከጋሞ መንደሮች እየመጡ ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የሚውሉበት ታሪክ ተፈጠረ። የድህነት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ የተጫነው ሰው ራሱ ደግሞ ከሥሩ ባለው ላይ ይጭናል።

በሌላ አገር ያለ ሰው ይህንኑ ችግር አይቶ ስሙ ዓለምን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ1976 በባንግላዴሽ ጆብራ በምትባል መንደር የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሙሐመድ ዩኑስ የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ ሴት ያገኛሉ። ሴትዮዋ ቀርከሃውን የምትገዛበት ገንዘብ ስለሌላት ከነጋዴ ትበደራለች፣ በርጩማውንም ለዚያው ነጋዴ እሱ ባለው ዋጋ ትሸጣለች። ዩኑስ በመንደሩ እንዲህ የታሰሩ 42 ሰዎች ቆጠሩ። ሁሉንም ለማስፈታት የሚያስፈልገው 27 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከኪሳቸው አበደሩ። ግራሚን ባንክ የተወለደው ከዚያ ነው፣ የኖቤል የሰላም ሽልማትም እ.ኤ.አ. በ2006 መጣ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው የሚይዘው ብድሩን ነው። እኔ ደግሞ ዘወትር የሚታየኝ ብድሩ የፈታው ቋጠሮ ነው፦ ጥሬ ዕቃውን የሚያቀርበውና የተሠራውን የሚገዛው አንድ ሰው ነበር። ገዢው ሌላ መሆን ሲችል ዋጋ የሚባል ነገር ተፈጠረ። በየአገሩ ብድሩ ብቻ ተወስዶ ይህ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይተናል። ሃያ ሴቶች ተበድረው ሃያ ጉልት ይዘረጋሉ፣ ገዢው ያው የቀድሞው ገዢ ነው፤ ለሃያ ይካፈሉታል።

ወደ መካኒሳ እንምጣ። እዚህ ሰፈር፣ ዛፍ በበዛበት ግቢ ውስጥ፣ ሳባሐር የሚባል የሽመና ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ካቲ ማርሻል በተባሉ ካናዳዊት የተመሠረተ ሲሆን ስሙ ከንግሥተ ሳባና ከሐር የተሰፋ ነው። ጥጥና ሐር በእጅ ይፈተላል፣ በእጅ ይሸመናል፣ ሻርፕና የአልጋ ልብስና ፎጣ ሆኖ ብዙው ወደ ውጭ ይሄዳል። ብዙ ሴቶች ቤታቸው ሆነው ይፈትሉለታል። ሥራው የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባል ነው። ይህ ድርጅት ለአባላቱ ካስቀመጣቸው 10 መርሖች ውስጥ ሕፃናትን አለማሠራት፣ ከሠራተኛው ጋር ተነጋግሮ ፍትሐዊ ዋጋ መክፈልና ሠሪው ሲጠይቅ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት ይገኙበታል። ቅድሚያ ክፍያ የሚለውን ሐረግ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ሸማኔውን ከባለ ዱቤው ነጋዴ የሚያላቅቀው እሱ ነው።

የሐሩን ነገር ትንሽ ላቆይበት፤ ብልሃቱ ያለው እዚያ ነው። በቻይና የታወቀው የሐር ትል በራሱ ላይ የሚሸምናትን ቤት የሚሠራው ከአንድ ረጅም ወጥ ክር ነው። ያንን ክር ለማግኘት ቤቱ ከነትሉ በፈላ ውኃ ይነከርና ክሩ ይመዘዛል፤ ለዚህ ማሽንና የተለየ ሙያ ይጠይቃል። ኤሪ የሚባለው ሌላው የሐር ትል ግን የቤቱን አንድ ጫፍ ክፍት ይተዋል። እሳት እራቷ በዚያ በኩል ወጥታ ትሄዳለች። ክሩ ወጥ ስላልሆነ አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። እንግዲህ እንዝርት ይዛ ላደገች ሴት ይህ ሐር እንግዳ አይደለም። እጇ ያውቀዋል። ምግቡስ? ጉሎ። ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ እኛ ምጣድ ለማሰሻ የምንወቅጠው ጉሎ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ይህን ትል በአገራችን አየር ለማላመድ ሲደክም ቆይቷል።

ብዙ ጥሩ ሐሳብ ይዘው ወደ ድሃ ሰፈር የሚመጡ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ይመስለኛል። አዲስ ሙያ ይዘው ይመጣሉ። ሠልጣኟ ያላት ሙያ እንደማይረባ ተቆጥሮ ከዜሮ እንድትጀምር ትደረጋለች፤ ሦስት ወር ሠልጥና ገበያ ስትወጣ ከሃያ ዓመት ባለሙያ ጋር ትወዳደራለች። የእጇን ሙያ ሳይነኩ የሚፈተለውን ነገር ብቻ ቢቀይሩላት፣ ከጥጥ ወደ ሐር፣ በአንድ ቀን የዋጋው መሰላል ላይ ብዙ ደረጃ ትወጣለች። ጥያቄው ሐሩን የሚገዛ መኖሩ ነው። ገዢው የተገኘው ባሕር ማዶ ነው፣ ይህም ጥንካሬም ድክመትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የዓለምን ሱቆች ሲዘጋ በውጭ ገበያ ላይ የቆመ የእጅ ሥራ ሁሉ ተንገዳግዷል።

ከመካኒሳ ብዙ ሳይርቅ፣ ከክፍለ ከተማው ጎረቤት፣ ዘነበወርቅ አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በ1920ዎቹ ሲቋቋም ቦታው ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር፤ ታማሚዎችን ማራቅ ይፈለግ ስለነበር ነው የተመረጠው። እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከሉ አለርት ተመሠረተበት። ለሕክምና የመጡት ድነውም ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ ጣት የጎደለውን ሰው መንደሩ አይቀበለውም ነበር። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ወለዱ፣ ኖሩ፣ ብዙዎቹም በልመና ከተማ ወጡ። ልጆቻቸው ምንም ደዌ ሳይኖርባቸው የሰፈሩ ስም ብቻ ሥራ ይነሣቸው ነበር። በአቅራቢያው ደግሞ ቆሼ አለ፦ የከተማው ቆሻሻ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረበት፣ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የቀበረው።

ሶልሬብልስ የተወለደው በዚህ ሰፈር ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ሥራውን የጀመሩት ባደጉበት በዘነበወርቅ፣ ሰፈርተኞቻቸውን ይዘው ነው። ምርቱ ጫማ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከበረባሶ ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከሚቆረጠው፣ አርበኛው ዱር ቤቴ ብሎ ሲዋጋ ካደረገው፣ ገበሬውና ቀን ሠራተኛው ዛሬም ከሚያደርገው። ጎማው ሶል ሆነ፣ ላዩ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሆነ፣ ጫማውም በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ሱቆች ተሸጠ። እዚህም ሙያው ነበረ፣ ጥሬ ዕቃውም በየጎሚስታው በር ወድቆ ነበር። ይህን ሥራ ሳስብ የሚደንቀኝ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ጫማውን ፍራንክፈርት የገዛው ሰው ስለ ሠሪው አላዘነም፤ ጫማው አምሮት ነው የገዛው። አዝኖ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ጫማው የተስማማው ሰው ግን ሲያልቅበት ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሠሪዎቻችንን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ መሆናችንንም ማንሣት ግድ ይላል። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልን ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ እስኪከለክሉት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ። የእጅ ሥራ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ገበያው ብቻ ሳይሆን ሠሪው የተዋረደ መሆኑ ነው። ለተዋረደ ሰው ዋጋ ስለማይጨመር።

ሳባሐርና ሶልሬብልስ አንድ የጋራ ጥያቄ ይተዉልናል። በአንድ ብርቱ መሥራች ጉልበት የቆመ ሥራ መሥራቹ ሲደክም ምን ይሆናል? ባለቤቱ ማን ነው? ለማኅበረሰብ የቆመ ንግድ ማለት ትርፉ ለማኅበረሰቡ የሚሆን ብቻ ሳይሆን መዝገቡም በማኅበረሰቡ እጅ ያለ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ቀሪውን ምዕራፍ ለዚህ እሰጣለሁ።

ደግነቱ መዝገብ መያዝን ማንም አያስተምረንም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ቀበሌ ለቀበሌ ብንዞር እድር የሌለበት መንደር አናገኝም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በቁጥር ተመዝግቧል። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ለሁለት ወር ያልከፈለ ስሙ ይነበባል። ማንም ባለሥልጣን ሳያዘው፣ ማንም ኦዲተር ሳይመጣበት ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ድርጅት ነው። ዕቁብም እንዲሁ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በዋስ እንጂ በመያዣ አይወስድም፣ መያዣው ጎረቤቱ ፊት ማፈር ነው። በ1950ዎቹ የመርካቶ የጉራጌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ሲያስቀድዱ መሠረታቸው ይኸው የመተማመን ልማድ ነበር።

ይሁን እንጂ እድርን እንደ መድኃኒት የሚያቀርቡትን ሁሉ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። እድር የሚቆጥበው ለሞት ነው። የሞተውን በክብር ይቀብራል፤ ያ ሰው በሕይወት ሳለ የቤት ኪራይ ሲያጣ ግን ደንቡ አይፈቅድም። ደግሞም መግቢያና ወርኃዊ መዋጮ ስላለው ከሁሉ የደኸየው፣ ትናንት ከገጠር መጥቶ በሰው ጓሮ የተከራየው፣ ከእድሩ ውጭ ነው። በ1990ዎቹ ኤድስ ወጣቱን ሲጨርስ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። የእድር ገንዘብ በየሳምንቱ ቀብር ሲመናመን ብዙ እድሮች ቁጭ ብለው መከሩ፣ ደንባቸውን አሻሻሉ፣ የታመመውን በሕይወት ሳለ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። የሞት ማኅበር የሕይወት ማኅበር መሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል። የጎደለው በዚያ መንገድ ቀጥሎ መሄድ ነው።

በዚያው ዘመን በአዳማ ሌላ ሙከራ ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ የእርዳታ ድርጅት ቲርፈንድ ጋር ከሕንድ የተቀዳ አሠራር ይዛ 5 ራስ አገዝ ቡድኖች አቋቋመች። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የደኸዩ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ አቅማቸው የፈቀደውን ሳንቲም ያስቀምጣሉ፣ ሲጠራቀም እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ከውጭ የሚመጣ የብድር ገንዘብ የለም። ሰብሳቢነቱ በተራ ይዞራል። 5 የነበሩት ቡድኖች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል። ቁጥሩን በምሳሌ እንየው፦ 20 ሴቶች በሳምንት 10፣ 10 ብር ቢያስቀምጡ በሳምንት 200፣ በዓመት 10,400 ብር ይሆናል። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን አራጣ አበዳሪ ቤት ከመሄድ የሚያድናቸው ገንዘብ ነው። ከገንዘቡም በላይ፣ በዓመት 52 ጊዜ የተገናኙ ሴቶች የትኛዋ ጎበዝ ነጋዴ፣ የትኛዋ ታማኝ፣ የማንኛዋ ባል ገንዘብ የሚነጥቅ እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅ ባንክ የለም።

በአዲስ አበባም ዋይዝ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ በወይዘሮ ጽጌ ኃይሌ የተመሠረተው ድርጅት ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሴቶች በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲያደራጅ ኖሯል። ማኅበራቱ የሴቶቹ ናቸው። በኅብረት ሥራ ሕጋችን አንድ አባል፣ ያላት አክሲዮን ብዙም ይሁን ጥቂት፣ አንድ ድምፅ ነው ያላት። ይህ አንቀጽ ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ያስተምራል።

የሕጉን ነገር ካነሣን፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶችን አፍኖ ይዟቸው ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ግን ሲቪል ማኅበራት ገቢ የሚያስገኝ ንግድ ውስጥ ገብተው ትርፉን ለዓላማቸው እንዲያውሉት በሩን ከፍቷል። ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው የሥራ ዓይነት ግን የራሱ የሕግ መደብ ሳይኖረው ቆይቷል፤ አንዱ የንግድ ማኅበር ሆኖ ይመዘገባል፣ አንዱ ኅብረት ሥራ፣ አንዱ ጥቃቅንና አነስተኛ።

ከሕግ ይልቅ በቀላሉ የሚበጠሰው የሰፈር ትስስር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ከልደታም ከአራዳም ከሌላም የመጣ ሰው በዕጣ ተደባልቆ ነው የገባው። ቤቱ ከቀድሞው ጭቃ ቤት ብዙ ይሻላል፣ ውኃና መጸዳጃ አለው። ነገር ግን በቀድሞው ሰፈር እንጀራ ጋግራ ለአሥር ቤት ታቀርብ የነበረች ሴት ወደ አራተኛ ፎቅ ስትገባ ደንበኞቿ በአምስት ክፍለ ከተማ ተበትነዋል። እድሯም ሩቅ ቀርቷል። ማንም በንብረት ግምት ውስጥ ያልጻፈላት ሀብቷ አሥሩ ቤት ነበር። ሰው ሲነሣና ሲሰፍር፣ ትናንትም በኮንዶሚኒየም ዛሬም በኮሪደር ልማት፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ እድርም ከነድንኳኑ አብሮ እንዲሰፍር ቢታሰብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ገዢው ልመለስ። ሥራ ተጀምሮ የሚከሽፍበትን መንገድ በየወረዳው አይተናል። ቡድኑ ይደራጃል፣ ማሽን ይገዛል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁሉም ባልትና ይከፍታሉ ወይም ሁሉም ፈሳሽ ሳሙና ይሠራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ ላዩ ላይ ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል። ሴቶቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ማን ይገዛል የሚለውን ማንም አልጠየቀም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በ11 ከተሞች 604,000 ሰው ለመድረስ የታቀደው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ብዙ ድሃ ቤተሰብን ከረኀብ ጠብቋል፤ መንገድ የሚጠርጉትና ችግኝ የሚኮተኩቱት ሴቶች ከደመወዛቸው አንድ አምስተኛውን እንዲቆጥቡ መደረጉም ብልህነት ነው። የሦስት ዓመቱ ጊዜ አልቆ ተመራቂዋ መቋቋሚያዋን ይዛ ስትወጣ ግን ያው የሰኞ ጠዋት ጥያቄ ይጠብቃታል።

ለዚህ ጥያቄ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የተሻለው መልስ፣ እንደ እኔ፣ የትምህርት ቤት ምገባ ነው። በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች በየእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የተጀመረው ሥራ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ ወደ ሁሉም የመንግሥት ቅድመ መደበኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰፋ፤ ከ300,000 በላይ ልጅ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት መብላት ጀመረ። ምግቡን የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። መጋቢ እናቶች ይባላሉ፤ ብዙዎቹ ልጃቸው እዚያው ትምህርት ቤት ይማራል። በዚህ ጽሑፍ ስናነሣቸው የቆየናቸው ነገሮች ሁሉ እዚህ ተገናኝተዋል። ሙያው ያላቸው ሙያ ነው፣ እንጀራ መጋገርና ወጥ መሥራት። ሥራው ሰፈራቸው ነው። ገዢው ትምህርት በተከፈተበት ቀን ሁሉ ይመለሳል፣ ስንት ሳህን እንደሚፈልግም አስቀድሞ ያሳውቃል። ጥሬ ዕቃው ጤፍ፣ ሽሮ፣ አትክልት ነው፤ ይህም ማለት ከኃይሌ ጋርመንት እስከ ባልትና ቤቷ ሌሎች ሰዎችንም ይነካል። ደካማ ጎኑ ክፍያው ላይ ነው። በአንድ ልጅ የሚታሰበው ገንዘብ ተቆርጦ ተቀምጦ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲንር ልዩነቱን የሚሸከሙት እናቶቹ ናቸው። ገዢው መመለሱ ብቻ አይበቃም፣ ገበያው ሲወደድ እሱም ከገበያው ጋር መራመድ አለበት።

ከዚህ ተነሥተን እንደገና እድርን እንየው፤ አሁን እንደ ቆጣቢ ሳይሆን እንደ ገዢ። አንድ እድር ለአንድ ሐዘን ምን ያህል እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ውኃ እንደሚገዛ ገንዘብ ያዡን ብትጠይቁ በቃሉ ይነግራችኋል። ድንኳን ያሳድሳል፣ ወንበር ያስበይዳል፣ ድስት ይለውጣል። የሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ዳቦና ጠላ ሲጨመርበት፣ በአንድ ሰፈር ብቻ በየሳምንቱ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ዛሬ ይህ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ቀረብ ወዳለው ሱቅ ወይም ወደ መርካቶ ነው። እድሩ በጠቅላላ ጉባኤ ተነጋግሮ፣ እንጀራው ከእነ እገሊት ቡድን ይገዛ፣ ዋጋው በየሦስት ወሩ ይታይ፣ ለጤፍ መግዣ ግማሹ ቀድሞ ይከፈል ብሎ በደንቡ ቢጽፍ፣ ቡድኗም መዋጮዋን ከሽያጯ እያስቀነሰች የእድሩ አባል ብትሆን፣ ምንም ለጋሽ አያስፈልግም። ከእድሩ ውጭ ቀርታ የነበረችው ሴት በገዢነቱ በኩል ትገባለች ማለት ነው። ጥራቱን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ለቅሶ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ የኮመጠጠ እንጀራ ካቀረበች ሳይውል ሳያድር ትሰማዋለች።

እንዲህ ያለው ስምምነት በአንድ ሐዘን ሊጀመር ይችላል። ጡሩምባ ነፊው ከንጋቱ 11 ሰዓት በሰፈሩ ይዞራል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ወንዶቹ ድንኳኑን ሊያወጡ ወደ እድሩ መጋዘን ያመራሉ። ጸሐፊው በዚያ በጠዋቱ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፦ «እማማ፣ እስከ ሠልስቱ ድረስ በቀን ሁለት መቶ እንጀራ ነው። ገንዘብ ያዡ ቀብዱን ይዞ እየመጣ ነው።» እሷም ሊጡን ለማየት ከአልጋዋ ትወርዳለች።